ጎረቤት የሚባለው ፊደል

ላጲሶ ወጥ መሥራት አይችልም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚህ ነው፤ የቀረው በላዩ ላይ የተደራረበ ጣጣ ነው። እንቁላል ሲጠብስ ያሳርራል፣ ሩዙ ገንፎ ይሆንበታል፣ የሽሮውንማ ነገር ባናነሳው ይሻላል። ሆሳዕና ያለችው እናቱ ደውላ «ምን በላህ?» ስትለው «በልቻለሁ» ይላታል እንጂ ምን እንደበላ ተናግሮ አያውቅም። ለሚ ኩራ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ አርባን የተጠጋ ወንደላጤ ነው።

ሥራው የጽሑፍ ዲዛይን ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሱቅ ስም፣ የምግብ ቤት ባነር፣ የሳሙና ማሸጊያ ይነድፋል። ድርጅቱ ድሮ ቢሮ ነበረው። በኮሮና ጊዜ «ከቤታችሁ ሥሩ» ተባለ፤ በሽታው ጋብ ሲል ቢሮው ለሌላ ተከራይቶ ተገኘ፤ ሠራተኛውም በየቤቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አለቃው በቴሌግራም ያዘዋል፣ እሱም በቴሌግራም ይልካል። ሲያጠፋ ይቆጡታል፣ ሲያሳምር የአውራ ጣት ምልክት ይላክለታል፤ የሥራ ባልደረባ ማለት ለእሱ ያቺ አውራ ጣት ናት። እሑድ ጠዋት ቸርች ይሄዳል፤ አዳራሹ ከመስፋቱ የተነሳ ገብቶ፣ ዘምሮ፣ ጸልዮ ሲወጣ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ሰው እንዲህ ሆኖ ይከርማል? ይከርማል እንጂ። ዓመት ያልፈዋል።

ከበሩ ፊት ለፊት እማማ ሃረገወይን ይኖሩ ነበር። የማይጨው ሰው ናቸው። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው ፊዮሪ አግብታ ቡልቡላ ነው ያለችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታያቸዋለች። በቀረው ቀን እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። የሰሜኑ ስልክ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እህቶቻቸው ጋ ሲደውሉ፣ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ላጲሶ በበሩ ስንጥቅ ይሰማ ነበር። ሴትዮዋ ተናግራ ስትጨርስ እማማ ስልኩን አይዘጉትም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እስክትጨርስ ያዳምጧታል።

በዚያው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ የላጲሶ በር ተንኳኳ። ሲከፍት እማማ ሃረገወይን ናቸው፤ በእጃቸው ጠርዙ ላይ ቀይ አበባ ያለው ክብ ሰሃን፣ በሰሃኑ ላይ እንጀራ፣ ከእንጀራው ላይ ህልበት። ህልበት የትግራይ ሰዎች በጾም ከጥራጥሬ ዱቄት የሚመቱት ነጭ አረፋ የመሰለ ማባያ ነው፤ ላጲሶ ቀምሶት አያውቅም።

«ወደይ፣ ልጄ፣ እናንተ ጾም የላችሁም ይላሉ» አሉት። «ይሄ ግን ለጾመኛውም ላልጾመውም ይሆናል። ብላ።»

በላ። ጣቱን እስኪልስ በላ። ከዚያ ሰሃኑን አጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ቆሞ አየው።

የጎረቤት ሰሃን መቼም ባዶውን አይመለስም። ይህን ፓርላማ አላወጣውም፤ ግን ሆሳዕናም ያውቀዋል፣ ማይጨውም ያውቀዋል። የላጲሶ እናት ሰሃን ሲመጣላት ሌላው ቢጠፋ ቆሎ ጣል አድርጋበት ነው የምትመልሰው። ታዲያ ወጥ የማይችል ሰው በምን ይሙላው? ብርቱካን ገዝቶ አይሰጥም ወይ ትሉ ይሆናል። ገዝቶ ነበር እኮ። ብርቱካኑን ሰሃኑ ላይ ደርድሮ በሩን ሲከፍት፣ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በራቸውን እየቆለፉ አገኛቸው። ሰው ሊወጣ ሲል ምን ያቆመዋል ብሎ መልሶ ዘጋ። በማግሥቱ ደግሞ አለቃው የቸኮለ ሥራ አመጣበት። በሦስተኛው ቀን ብርቱካኑን አንድ በአንድ ራሱ በላው።

ዛሬ ነገ ሲል ጾሙ ተፈታ። ከፋሲካ በኋላ የጾም ሰሃን በብርቱካን መመለስ ደግሞ ሌላ እፍረት መሰለው። አበሻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል፤ ላጲሶንም አልመለሰውም። ከቤት ሲወጣ አስቀድሞ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ጀመረ። የእማማን የነጠላ ጫማ ድምፅ ከሰማ፣ ደረጃውን ወርደው እስኪያልቁ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። የሚገርመው፣ በቀን ውስጥ ከሰው የሚሰማው ድምፅ ያ የነጠላ ጫማ ብቻ ነበር፤ እሱንም እየሸሸው ነው። ብቸኝነቱ ያስለቅሰው ነበር። አንዳንድ ቀን አልቅሶም ያውቃል፤ ግን በሩን አልከፈተም።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ሰሃኑን አንስቶ ወረቀት ላይ ደፋውና ዙሪያውን በእርሳስ አዞረበት። ክቡ ደስ አለው። እኔ የምችለው ይህን ነው አለ በሆዱ፤ ሰው የሚችለውን ነው ሰሃን ላይ የሚያደርገው። የእማማ በር ላይ ኮንትራክተሩ በቀለም የጻፈው ቁጥር እንጂ ስም የለም። ስማቸውን አሳምሬ ጽፌ፣ በሰሃኑ ላይ አድርጌ፣ በሩ ላይ ለጥፌላቸው እመጣለሁ ብሎ ቆረጠ።

ቀላል ነገር ነው አይደል? የተዘጋጀ ፊደል ኮምፒውተሩ ሞልቶታል፤ አንዱን መርጦ መጻፍ ነው። ግን አንዱም ለእሳቸው አልሆነም አለው። አንዱ የመሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ይመስላል፣ ሌላው የመጽሐፍ፣ ሌላው እንደ ሽቦ ቀጥኖ ለዓይን አይታይም። «ብላ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ስም በዚህ አይጻፍም። ስለዚህ ከሰሃኑ ክብ ተነስቶ የራሱን መሥራት ጀመረ። ወፍራም፣ ድቡልቡል፣ አንድም ሹል ጥግ የሌለው፣ ቢነኩት የማይወጋ። ሃ አፏን ከፍታ የምትስቅ መሰለች። ወ ሆዷ ተነፋ። የይ እግር ቀጠነበትና አፍርሶ ሠራት፣ ደግሞ አፈረሳት። ሃረገወይን የሚለው ስም ተሟልቶ ስክሪኑ ላይ ሲቆም ላጲሶ ብቻውን ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀ እሱም አያውቀውም።

በወፍራም ወረቀት አሳተመው። ካርዱን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠና በሩን ከፈተ። ከወዲያ በኩል የትግርኛ ሳቅና ጨዋታ ተሰማው፤ ስልኩም መንገዱም ተከፍቶ ኖሮ ዘመድ መጥቶላቸዋል። ዛሬ እንግዳ አለባቸው ብሎ ተመለሰ። በሌላ ቀን ደግሞ ካርዱን ሲያየው የገ አናት የከበደ መሰለው። እሷን ላስተካክል ብሎ ተቀመጠ። እሷ ስትስተካከል ሌሎቹ ፊደሎች ቀሩብኝ አለ። በቃ፣ ከሀ እስከ ፐ ገባበት። ጠን በሦስት እግሯ እንደ በርጩማ አደላድሎ አስቀመጣት። የመ ሁለት ሆዶች ወፍረው ቀዳዳቸው ሊደፈን ሲል እንደገና አከሳቸው። ሰሃኑ ካጠገቡ አይጠፋም፤ ሲጠራጠር ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል። ፊደሉ ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ይላል። ፊደል ደግሞ፣ የሠራ ያውቃል፣ አያልቅም።

ያልቃል የማይባለው ባለቀ ጊዜ ስም ሊሰጠው ሆነ። «ጎረቤት» አለው። ይህን ሲጽፍ ትንሽ አፍሯል። ከዚያ ለማንም ያለ ክፍያ ይሁን ብሎ በአንድ የዲዛይነሮች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። አውራ ጣቶች መጡለት።

የማተሚያ ቤት ልጆች አገኙት፣ አበቃ። መጀመሪያ የአንድ ኬጂ አጥር ላይ ታየ። ቀጥሎ ጭማቂ ቤት፣ በርገር ቤት፣ የሕፃናት ልብስ ሱቅ። ከገርጂ እስከ መድኃኔዓለም በታክሲ ሲያልፍ በግራም በቀኝም የራሱ ፊደሎች ጉንጫቸውን ነፍተው ይስቁበታል። የቸርቹ የሕፃናት ክፍል መግቢያ ላይ እንኳ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው በእሱ ፊደል ነው፤ እሱ በሥሩ ያልፋል፣ ደህና መጣህ የሚለው የለም። መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። እየዋለ ሲያድር ያመው ጀመር። ለአንዲት በር ብሎ የጀመረው ፊደል ከተማው ሁሉ በር ላይ ወጣ፤ ለዚያች በር ግን አልደረሰም። ካርዱ ሰሃኑ ላይ ነው፤ ሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝተዋል። ውሃ ጠፍቶ ግቢው ውስጥ ካለው ሮቶ ሰው ሲቀዳ፣ ላጲሶ ጄሪካኑን ይዞ ዞር ሲል እማማ ከኋላው ቆመዋል። መሸሺያ የለም። የእሳቸውንም ጄሪካን ተሸክሞ ሦስት ፎቅ አብረው ወጡ።

«ጠፋህ ወደይ» አሉት እየተነፈሱ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ። ሰሃንዎን እኮ…»

«ተወው፣ እሱ ይቆይ» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር። ላጲሶ ግን ዓይነ አፋር ነውና ቀና ብሎ ፊታቸውን አላየም፤ የሰማው «ይቆይ» የምትለዋን ብቻ ነው። ተቀይመውኛል አለ። ጨዋ ሰው ሲቀየም ይቆይ ነው የሚለው። ጄሪካኑን በራቸው ሥር አስቀምጦ ግባ እንኳ ሳይሉት ቤቱ ገባ። እንዲያውም ሊሉት አፋቸውን ከፍተው ነበር መሰለኝ፤ የላጲሶ በር ቀደማቸው።

በዚህ ክረምት መጨረሻ ላይ የነጠላ ጫማው ድምፅ ጠፋ። ላጲሶ አገራቸው ሄደው ይሆናል ብሎ ገመተ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎት ነበር፤ በቀዳዳ ሳያጮልቅ ወጥቶ ሳይሸሽ ይገባል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ዝምታው ከበደው። ኮሪደሩ ላይ የሚሸሸው ሰው እንኳ የለውም ማለት ነው። ሲመጡ፣ አለ ለራሱ፣ በዚያው ቀን አንኳኳለሁ። ሰሃኑን አቧራ እንዳይዘው እንደገና አጠበው።

አንድ ጠዋት በመስኮት ሲያይ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሰው እየገባበት ነው። የእድሩ ወንበሮች ይወርዳሉ። የማን ለቅሶ ይሆን ብሎ ወረደ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩ ላይ ነጠላ የለበሱ ሴት ፎቶ፣ ከፎቶው በታች ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ድቡልቡል ፊደሎች።

ሃረገወይን።

አፏን ከፍታ የምትስቀው ሃ። ሆዷ የተነፋው ወ። ያፈረሳት፣ የሠራት፣ እንደገና ያፈረሳት ይ። እሱ እንዳሰበው ተጽፎ፣ እሱ ባላሰበው ቦታ ቆሟል። ከሥሩ «ነፍሳቸውን በገነት ያኑር» ይላል፤ እሱም በዚያው ፊደል።  ሆስፒታል ነበሩ ለካ፤ ወንበር የሚያወርዱት ሰዎች ሲያወሩ ሰማ። እሱ አገራቸው ናቸው ሲል፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጥያቄ ለመጠየቅ ሲሰንፍ፣ እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ።

አጠገቡ የእድሩ ዳኛ አቶ ዓለምሰገድ ቆመው ባነሩን በቅሬታ ያያሉ። «ይሄ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? የልደት ኬክ አስመሰሉት እኮ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንተ የየትኛው ሕንፃ ነህ?»

«የዚሁ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ።»

«የዚህ? አላውቅህም» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነታቸውን ነው።

ወደ ቤቱ ሮጠ። ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ ሰሃኑን ከነካርዱ አነሳ። የሚሞላበት ነገር ቢፈልግ ጊዜው አልፏል። እስኪሞላ ሲል ነው እዚህ የደረሰው። ካርዱን በኪሱ ከተተና ባዶ ሰሃን ይዞ ወረደ፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ለቅሶ ቤት ባዶ ሰሃን ይዞ የሚመጣ ሰው ማን አይቷል? እህል የሚያዞሩት ሴቶች አላዩም። አንዲት ወገቧን የታጠቀች ሴት እንጀራና ምስር ወጥ ይዛ መጣችና ቆም አለች። «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ሰሃን አንሶን ነበር። የራስህን ይዘህ መጣህ?» ብላ፣ አፉን ከፍቶ መልስ ሳይሰጥ እንጀራውን ዘርግታ ምስሩን ጨለፈችበት። የለቅሶ እህል እምቢ አይባልም። ሊመልሰው የመጣው ሰሃን ጉልበቱ ላይ ሁለተኛ ሞላ።

አንድ ጉርሻ ወሰደ። ሁለተኛው ላይ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ ነው ያለቀሰው፤ ከግራና ከቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ትከሻውን ያዙት፣ «አይዞህ፣ ልጃቸው ነህ?» አሉት። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ነካው።

«ጎረቤታቸው ነኝ» አለ። ቃሉን ለከተማው ሁሉ ሰጥቶታል፤ በራሱ አፍ ስለራሱ ሲለው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ፊት ለፊት በጥቁር የተቀመጠችው ፊዮሪ ልቅሶውን ሰምታ ቀና አለች። ዓይኗ መጀመሪያ እሱ ላይ፣ ከዚያ ሰሃኑ ላይ አረፈ። ተነስታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ላጲሶ እግዜር ያጽናሽ ማለት ሲገባው ስለ ባነሩ ነው የጀመረው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ፊደል ለሐዘን የተሠራ አይደለም። አሁኑኑ ላስቀይርልሽ እችላለሁ።»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች። «የማተሚያ ቤቱ ልጅ ሌላ ሲያሳየኝ ነበር። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ያለ መነጽር የምታነበው ይህን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ስንሄድ ጭማቂ ቤት፣ ኬጂ፣ በርገር እያለች ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። ይሄ የኔ ፊደል ነው ትላለች፤ ሰዉ ይስቅብናል።»

ላጲሶ ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ ሰጣት። ተቀብላ አየችው፤ ባነሩንም አየች፤ መልሳ ካርዱን አየች። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠውልጓል፤ ዛሬ የታተመ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«የሳቸው ነው» አላት። «መጀመሪያም የሳቸው ነበር። በራቸው ላይ ሊለጠፍ ነው የተሠራው።» 

ፊዮሪ ዓይኗን ከካርዱ ወደ ሰሃኑ መለሰች። «አንተ ነሃ ባለ ሰሃኑ» አለች በመጨረሻ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለካ ያ ሁሉ ዓመት ከፊት ለፊቱ በር ጀርባ ስሙ ሲነሳ ኖሯል።

«ቅዳሜ ስመጣ ሁልጊዜ፣ ሰሃንሽን ልቀበልልሽ? እላት ነበር። ስድስቱን እኔ ነኝ የገዛሁላት፤ አምስት ሆነው ሳያቸው ይከነክነኛል። ተይው ትለኛለች። ሰሃኑ እሱ ጋ እስካለ አንድ ቀን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ ከወሰድሽበት በምን ሰበብ ይመጣል? ነበር የምትለኝ።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ሆስፒታልም ሆና፣ ቤቱን እንዳትቆልፊው፣ ያ ልጅ ቢመጣ ብላኛለች። በበሽታዋ ነው ብዬ ዝም አልኳት።»

ላጲሶ ሰሃኑ ላይ ያለውን እህል እስከ መጨረሻው በላ። ማስተረፍ ነውር መሰለው። ከዚያ ሮቶው ዘንድ ሄዶ በሳሙና አጠበው፣ በሸሚዙ አደረቀው፣ ሦስቱን ፎቅ ወጣ። የራሱን በር በግራ አልፎ ወደ ቀኙ ዞረ። በቀዳዳ ያጮለቀባት፣ ትንፋሹን ይዞ ያዳመጣት፣ ለማንኳኳት እጁን ስንቴ አንስቶ የመለሰባት በር ናት። አሁን እጁን አነሳ። በሩ ግን የለቅሶ ቤት በር ነውና ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚንኳኳ አልነበረውም።

ቢሆንም መቃኑን አንኳኳ።

ከውስጥ ሽንኩርት የምትከትፍ አንዲት የማያውቃት ሴት ቀና ብላ አየችው። «ለቅሶ ቤት አይንኳኳም፣ ወንድሜ» አለችው። «ግባ።»